አምስት ከአሥር

ኦሎምፒያ ሰፈር ባለው ጽሕፈት ቤት የመራጭ ኮሚቴው ሊቀመንበር የሦስቱን ገምጋሚዎች ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ለትምህርት ወደ ውጭ ሊላክ የታጨውን ልጅ ውጤት ሲያነብ፣ የፊዚክስ መምህሩ ላጲሱን በጣቶቹ መሃል ያሽከረክር ነበር። በትምህርት ሦስቱም አሥር ከአሥር ሰጥተውታል። በጤናም እንከን አልተገኘበትም። «በፖለቲካ ንቃተ ኅሊና ግን ተለያይታችኋል» አለ ሊቀመንበሩ። «የቀበሌው ጓድ አሥር፣ የወጣት ማኅበሩ ጓድ ዜሮ፣ መምህር ደግሞ አምስት። መመሪያው ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ሰርዛችሁ መሃለኛውን ያዙ ይላል። ከስድስት በታች ያመጣ አያልፍም።»

መምህሩ ክው አለ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ እኮ የዚህን ነገር አላውቅም። ልጁን እንዳልጎዳው ብዬ ነው መሃል ላይ የጣልኩት።»

«አላውቅም የሚል ቦታ ቅጹ ላይ የለም» አለ ሊቀመንበሩ፣ ሳይቆጣ። መምህሩ ላጲሱን ይዞ እጁን ወደ ወረቀቱ ሲሰድ፣ ሊቀመንበሩ በእርሳስ የተጻፈችውን አምስት በቀይ እስክሪብቶ ደገመባትና የልጁን ፋይል ለብሔራዊ ውትድርና በተለዩት ላይ ደረበው። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን መስኮቱን እያንቀጠቀጠ አለፈ።

ኮሪደሩ ላይ የልጁ እናት ከአግዳሚው ብድግ አሉ። «ጋሼ፣ ለልጄ መጥፎ ነጥብ አልሰጡብኝም አይደል?»

«ኧረ እናቴ፣ መጥፎስ አልሰጠሁትም» አላቸው። እውነቱን ነበር። እሳቸውም ጎንበስ ብለው፣ ላጲሱን የጨበጠበትን እጁን አገላብጠው ሳሙት።