አራተኛው ብርጭቆ

ባስቲያን ሦስተኛውን ብርጭቆ ቀምሶ፣ ወይኑን ከእግሩ አጠገብ ወደቆመው የመዳብ ባልዲ ይተፋዋል። ቀማሽ አይውጥም፤ የዋጠ እንደሆነ ምላሱ ሰክሮ ፍርዱ ይዛባል።

«ልስላሴ አለው፤ ይግባ» ይላል።

አባቱ ሙሴ ኦክታቭ ብርጭቆውን ወደ ቀኝ ያሻግሩታል። በቀኝ የተሰለፈው ሁሉ የርስታቸውን የሻቶ ግራቬሎንን ስም በሚሸከመው በታላቁ ወይን ውስጥ ይቀላቀላል፤ በግራ የቀረው ስም ሳይኖረው ለነጋዴ ይሸጣል። ሽማግሌው ራሳቸው አይቀምሱም። ከአምናው ሕመም ወዲህ ሽታና ጣዕም ከድተዋቸዋል። ስድስት ትውልድ የጠበቀው የርስቱ ክብር ዛሬ ያረፈው በበኩር ልጃቸው ምላስ ላይ ነው።

ታናሽ እህቱ ሶላንዥ በወይን ጓዳው ውስጥ በርሜል ተደግፋ ቆማለች። ከግንቡ ጀርባ ያለውን ያረጀ የወይን ማሳ ወንድሟ «ይነቀል» ባለ ጊዜ፣ «ለእኔ ስጡኝ» ብላ የተረከበችው እርሷ ናት። የማሳዋ ወይን ዛሬ በግራ ከቀረ፣ ፀደይ ሲገባ ግንዶቹ ይነቀላሉ።

«ምነው ወንድሜ፣ ኮምጣጤ የጠጣህ መሰልክ እኮ!»

«የሚፈረድበት ዝም ይላል። የቤቱ ደንብ ነው።»

«ደንቡ መሳቅ አይከለክልም።»

«ተዉ እናንተ ልጆች፣ ወይኑ ይሰማችኋል» ይላሉ አባታቸው።

ባስቲያን አራተኛውን ያነሳል። ብርጭቆዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም፤ አፍንጫው ግን የእህቱ መሆኑን ወዲያው ያውቀዋል። ዝናብ የነካው ጠጠር፣ የበሰለ ጥቁር እንጆሪ፣ ከዚያም እናታቸው በሕይወት ሳለች በመስኮቱ ሥር ትተክለው የነበረው የቫዮሌት አበባ። እርሱ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ዕድሜውን በዚህ ጓዳ ሲገብር፣ እንዲህ ያለ ወይን አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣለትም። ሶላንዥ ግን በፈረስ እያረሰች፣ እያፏጨች አወጣችው። አባቱም እርሷ ከማሳ ስትመለስ የሚስቁትን ሳቅ ለእርሱ ስቀውለት አያውቁም።

ወይኑን በአፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፤ ደግሞም ያንከባልለዋል። ዓይኖቹ ሳያዛቸው ይከደናሉ።

ሲገልጣቸው ሁለቱም እያዩት ነው።

«እህ፣ ምን ትላለህ?» ይላሉ አባቱ።

«ይመራል። ጉልበትም የለው። ወደ ግራ።»

ሶላንዥ አሁን አትስቅም። ጣቶቿ የበርሜሉን ጠርዝ ጨብጠው ይነጣሉ።

ሙሴ ኦክታቭ ብርጭቆውን ወደ ግራ ሊወስዱ ያነሱታል፤ እጃቸው ግን መንገድ ላይ ይቆማል። ምላሳቸው ከከዳቸው ወዲህ የሚቀምሱት በዓይናቸው ነው። ባልዲውን ያያሉ፤ ቀጥሎም የልጃቸውን ከንፈር።

«ደህና የሆኑትን ሦስቱንም ተፋሃቸው» ይላሉ በዝግታ። «የመረረህንስ የት አደረግኸው፣ ልጄ?»

ባስቲያን ሊመልስ አፉን ይከፍታል። የቫዮሌቱ ጣዕም ግን ገና ከጉሮሮው አልተለየም፤ እየረዘመ፣ እየጣፈጠ፣ አላልቅ ይለዋል።