አትደንግጡ

የግድቡ ጠባቂ የውሃ መልቀቂያውን በር መዘውር በሁለት እጁ እንደጨበጠ ቆመ። «ያለ አለቃ ፈቃድ መክፈት ክልክል ነው» የሚለው ጽሑፍ አፍንጫው ሥር ተለጥፏል፤ አለቃው ግን ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አላነሳም። ውሃው የግንቡን አናት ሊያልፍ ስንዝር ቀርቶታል። ግንቡ ከተደረመሰ ከተማው ያልቃል፤ በሩ ከተከፈተ ግን የሚጥለቀለቀው ወንዝ ዳር ያለው ሰፈር ብቻ ነው። «የመጣው ይምጣ! ከተማ ከሚያልቅ እኔ ልባረር» አለና የማስጠንቀቂያ ሳይረኑን አስጮኸው። ዝናቡ ጋርዶት ባያያቸውም፣ የሰፈሩ ሰዎች ኮረብታው ላይ እስኪወጡ ብሎ ጠበቀ። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ መዘውሩን አዞረው።

ውሃው እያገሳ ወጣ። ግንቡ መንቀጥቀጡን ሲያቆም ስልኩ ጠራ። አለቃው መስሎት፣ «ከፍቼዋለሁ፤ የፈለጉትን ያድርጉኝ!» አለ።

«ምኑን ነው የከፈትከው፣ ወንድም ጋሼ?» ብላ ሳቀች፣ ወንዝ ዳር የምትኖረው ታናሽ እህቱ። «ዛሬስ ጩኸታችሁ በዛ! ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን አዝሎ ሊሮጥ ሲል፣ ‹በየሳምንቱ የሚጮኸው ለሙከራ ነው፣ አትደንግጡ ብሎኛል ወንድሜ› ብዬ ከመንገድ መለስኳቸው።»

«ውጡ!» ብሎ ጮኸ። የውሃውን ድምፅ መጀመሪያ ከኋላው፣ ቀጥሎ ከስልኩ ውስጥ ሰማው።