ሠላሳ አንድ ጥሪ

ወይዘሮ አስካለ ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ ባለ ቢሮ ተቀምጠው የስድስት አካባቢዎችን የጤና መረብ ያወዳድራሉ። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ሐኪምን በቪዲዮ ስልክ የሚያማክር ሰው የት ይበዛል? መልሱም ያው ነው። ሆስፒታል የራቀው ይደውላል፤ የቀረበው በእግሩ ይሄዳል። አዲስ አበባ መጨረሻ ወጣች።

በአዲስ አበባው ዝርዝር ግን አንዲት ሴት ብቻዋን ሠላሳ አንድ ጊዜ ደውላለች። ስም የለም። ቁጥሯ 417፣ ሰፈሯ አፍንጮ በር።

ወይዘሮ አስካለ በግራ እጃቸው ብቻ የኮምፒውተሩን ፊደላት እየነኩ የሴትዮዋን ጉዳት ጻፉ፤ መዝገቡን አላዩም። የተሰበረ ጎድን። በጋለ ዘይት የተቃጠለ ክንድ። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጣት። ባለፈው እሑድ ደግሞ ታንቃ፣ ራሷን ስታ፣ ስትነቃ ከወለሉ ላይ ነው የደወለችው። እንዲህ ያለውን አውሬ መሬት ለምን እንደምትሸከመው እንጃ።

አለቃቸው ተስፋልደት ገባ። ቀኝ እጁ በፋሻ ታስሯል፤ የመዝገብ ቤቱ በር ነው የቀረቀረኝ ይላል። ታችኛው ፎቅ የምትሠራው ሚስቱ ምብራት ሳምንቱን ሙሉ አልመጣችም። ታማለች ይላል።

«ይህን መስመር ይሰርዙት» አለ። «አንድ ሰው ሠላሳ አንዴ? አማካዩን ያበላሻል።»

«አልሰርዝም።» የወይዘሮ አስካለ ድምፅ ከሰኞ ጀምሮ ተዘግቷል። በዚያ ሙቀት የአንገት ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ጠምጥመዋል። «በሚቀጥለው ይገድላታል።»

«ሆስፒታሉ አፍንጫዋ ሥር ነው። ለምን አትሄድም?»

«ማን መታሽ ሲሏት ምን ትበል?»

«የሰው ገመና ነው፣ ወይዘሮ አስካለ። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ሲባል አልሰሙም?»

ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ወይዘሮ አስካለ ስልኩን አንስተው ፖሊስ ጠሩ።

ሳጅን ግደይ ሲመጣ ተስፋልደት የታሰረ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ማን ነው የሚደበድባት?» ሲል ሳጅኑ ጠየቀ።

ወይዘሮ አስካለ ተስፋልደትን ቀና ብለው አዩት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«እሺ፣ የቤቷን በር ሰብረንም ቢሆን እንገባለን» አለ ሳጅኑ።

ወይዘሮ አስካለ የአንገት ልብሳቸውን ፈቱና ከበለዘው አንገታቸው በክር የተንጠለጠለ ቁልፍ አወጡ፦ «አትስበሩ፣ በጓሮ ግቡ። ልጄ በዚህ ሰዓት ተኝቷል፤ አደራ፣ ሳትመቱት ቀስቅሱት።»