የጠፋችው ስድስተኛ መስመር

ቀጮ ቡጢውን ጋሼ ሸበቶ አፍ ላይ አሳረፈው። "አቃጠልካት! እጅህ ይቆረጥ፣ አቃጠልካት!"

እስከ ትናንት "እርስዎ" የሚላቸውን ሰውዬ ነው እንዲህ የሚለው። ግን ምን ያድርግ? ቁርስ ሊቀምስ ከላቦራቶሪው ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ስድስት የብርሃን መስመሮች ነበሩ፤ ሲመለስ አምስት ብቻ ቀርተዋል፣ ሌዘሩም ተነካክቷል። ደሙ ፈላ።

በሌዘሩ አቃጠሏት ብሎ ያሰበው መስመሮቹ የሚፈልቁባትን፣ ዓመት ሙሉ ሁለቱም ዓይናቸው እስኪፈዝ የፈለጓትን ደቂቅ ነጥብ ነው። ከጥፍር በምታንስ የክሪስታል ቁራጭ ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ነጥብ ተዘርቷል፤ አንዲት የማንጋኒዝ አቶም ብቻ ውስጧ የገባች ግን ይህችው ናት። የአቶሟ ማግኔት እየተቀያየረች ከስድስት አቅጣጫዎች በአንዱ ትቆማለች፤ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይወጣል። ማይክሮስኮፑ ያለበት ጠረጴዛ ትንሽ ከተገፋ ነጥቧ ከእይታው ታመልጣለች። ከዚያ በኋላ ማግኘት ዘበት ነው።

"ስማኝ የኔ ልጅ" አሉ ጋሼ ሸበቶ ደም እየተፉ፤ "አልተቃጠለችም…"

"ዝም በል!" ሁለተኛው ቡጢ ቅንድባቸውን ተረተረው። እጁን ይዘው ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ ንዴት ግን ውለታ አያውቅም። ኮሌታቸውን አንቆ ሲያርገፈግፋቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለው።

ሽማግሌው አንዴም አልመቱትም። ፊታቸውን እንኳ አልከለሉም፤ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ጠረጴዛውን ከራሳቸው ገላ ይከላከላሉ። ይሄ ይባስ አበገነው። በጉልበቱ ሆዳቸውን ብሎ ወረወራቸው።

ጠረጴዛው ላይ በጀርባቸው ወደቁ። መስታወት ተንኮሻኮሸ፣ አንድ ሌንስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አምስቱም መስመሮች ጠፉ።

ያን ጊዜ ነው የቀጮ እጅ የቆመው።

"ሌዘሩን ስድስተኛዋ መስመር ላይ አነጣጠርኩት" አሉ ጋሼ ሸበቶ መሬት ላይ እንደተዘረሩ፣ ቃላቸው በተሰበረው ጥርስ መሃል እየሾለከ። "አቶሟን ከዚያ አቅጣጫ ገፍቶ አስወጣት። መስመሯ የጠፋችው ለዚህ ነው። ታዘዘችልን እኮ!"

ዓመት ሙሉ የለፉት አቶሟን እንዲህ ለማዘዝ ነበር፤ ሌላ ምን ነበር!

"ውጤቱን ቀዱት?" አለ ቀጮ በቀጭን ድምፅ። "ጋሼ፣ ቀድተውታል አይደል?"

"አብረን አይተን እንቀዳዋለን ብዬ እየጠበቅኩህ ነበር።"

ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉለት። እስከ ክንዳቸው ደም ነው። ቀጮ ሊይዘው ፈራ።