ከኒሙ ሥር የተደፋ ወተት

ያዕቁብ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ጆንያና ገመድ የሚሸጥበት ዱካን አለው። ኩላሊቱ ከደከመ ወዲህ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ሆስፒታል ደሙ በማሽን ይታጠባል፤ በቀረው ቀን ከአልጋ አይወርድም።

ታላቅ እህቱ ሀዲያ በየጠዋቱ ከራሷ ላም ያለበችውን ወተት በጆግ ይዛ ትመጣለች። እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ናት። በእነሱ ወግ ደግሞ ያሳደገ እጅ ያመጣው አይመለስም፤ ነውር ነው።

የያዕቁብ ሚስት ሳብሪን ጡት የሚጠባ ልጅ አቅፋ በር ላይ ትቀበላታለች።

«ተኝቷል እትዬ። ሲነቃ እሰጠዋለሁ።»

«እኔ ስመጣ ነው እንዴ እንቅልፉ የሚመጣው?»

ሳብሪን ጆጉን አጥባ ትመልስላታለች።

አንድ ቀን ሀዲያ ከመንገድ ተመለሰችና በአጥሩ ቀዳዳ አየች። ሳብሪን ወተቱን ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር ደፋችው። ቀጥላ ምንም ካልተጻፈበት የፕላስቲክ ዕቃ ነጭ ዱቄት በማንኪያ ለካች፣ በውሃ በጠበጠች፣ ከምሳው ጋር ለባሏ ሰጠችው። ያዕቁብ ፊቱን አኮማትሮ ጨለጠው።

ያዕቁብ ከሳምንት ሳምንት እየከሳ ሄደ። ዱካኑን የምትከፍተው ሳብሪን ሆነች፤ ቁልፉም ከአንገቷ አይወርድም።

«ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው» አለች ጎረቤታቸው ዙህራ። «ባሏ ቢሞት ሌላ ባልም ዱካኑንም አታጣም።»

በመጨረሻ ሀዲያ ሦስት ሽማግሌዎች ይዛ መጣች፤ ያየችውንም ተናገረች።

«ወተቱን ደፍተሻል?» አሏት።

«አዎ።»

«ለምን?»

ሳብሪን ባሏን አየችው። ያዕቁብ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«እሱን ጠይቁት» አለች ቀስ ብላ።

ቢጠይቁትም አልተነፈሰም። ሽማግሌዎቹ ሚስቱን ፈርቶ ነው ብለው ተያዩ።

በማግስቱ ሳብሪን ልጇን አዝላ ወድ ኤል ሒለው ከተማ ወዳለው አባቷ ቤት ሄደች። ሀዲያ ዱቄቱን ሽንት ቤት ከተተችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋትና ማታ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ወተቱን በእጇ አጠጣችው። አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላለም። ጨርሶ ጆጉን ገልብጦ ያሳያታል።

«እሰይ፣ የኔ ጌታ» ትለዋለች።

ያዕቁብን ያክም የነበረው ሀኪም ሙዳሲር ወደ ከሰላ ከተማ ተዛውሮ ከርሞ በዓመቱ ሲመለስ የያዕቁብ እግር ጣቶች ጠቁረው ነበር። የእግሩን ራጅ አስነስቶ ወደ መስኮቱ ያዘው። እንዲህ ሊታዩ የማይገባቸው የደም ሥሮች እንደ አጥንት ነጥተዋል።

«መርዙ ነው» አለች ሀዲያ። «ሚስቱ ነጭ ዱቄት ታጠጣው ነበር። ደግነቱ እኔ ደረስኩና ደፋሁት።»

ሙዳሲር ራጁን አወረደ። ሱዳናዊ ቢሆንም ከሐበሾች ጋር ስላደገ አማርኛው ጥርት ያለ ነው።

«ማግኒዥየም ነበር። እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ደሙን በየወሩ እያየሁ። ደም ሥሩ ውስጥ ኖራ መጋገሩን ያዘገይልናል ብዬ። ወተት ደግሞ ያንን ኖራ ስለሚያባብስ ለእንዲህ ያለ ኩላሊት ክልክል ነው።» ወደ አልጋው ዞረ። «ያዕቁብ፣ ይህን ለአንተው ነግሬህ አልነበረም?»

ያዕቁብ እህቱን እንጂ ሀኪሙን አላየም። «ድፊው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ፤ «የእትዬን ወተት በገዛ አፌ ልመልስ?»