የድርሰቷ አህያ

ልጅቷ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገች ናት፤ አህያ በእጇ ነክታ አታውቅም። የዓለም አቀፉ የተማሪዎች ድርሰት ውድድር ዳኞች አንጀት የሚበላ ታሪክ ይወዳሉ ሲባል ስትሰማ ግን፣ ውሃ የምትቀዳባት አንዲት አህያ ፈጠረችና በመጨረሻው ገጽ ላይ ገደለቻት። "እሷ ከሞተች ወዲህ ጀሪካኑን የምሸከመው እኔ ነኝ" ብላ ደመደመች። ከድርሰቱ ሁሉ እውነት የነበረው ይሄ የጀሪካኑ ነገር ብቻ ነው፤ የሕንጻው ቧንቧ ከደረቀ ሰንብቷል።

አንደኛ ወጣች። እንግሊዝኛ የማያነቡት አባቷ ያንኑ የመጨረሻውን ገጽ በፍሬም አሰርተው ሳሎን ሰቀሉት።

ቅዳሜ ጠዋት የውድድሩ ተወካይ ሽልማቱን በአይሱዙ አስጭና መጣች። አባትና ልጅ ለባብሰው ወረዱ። ከመኪናው ላይ አንገቷ ላይ ቀይ ሪባን የታሰረላት አህያ እየተገፋች ወረደች።

"በሟቿ ምትክ ትሁንልሽ" አለች ተወካይዋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።

"በየትኛዋ ሟች?" አሉ አባትየው።

ተወካይዋ ታሪኩን ከነለቅሶው ተረከችላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያዳምጣል። ልጅቷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አባቷ አመስግነው፣ መኪናውን ሸኝተው፣ ደረጃውን ወጡ። ቀበቶ ሊያመጡ ነው ብላ፣ የአህያዋን ገመድ እንደያዘች ጠበቀቻቸው።

ሲመለሱ በሁለቱም እጃቸው ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። አህያዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋት፤ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ።

"ለመሆኑ" አሉ፣ "ስሟን ማን ብለሻት ነበር?"