ቆጣሪው ያልረሳው ረቡዕ

የመብራት ኃይል ሠራተኛው ገመቺስ መሰላሉን ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ አስደገፈ። ገና አልወጣበትም፤ ግን መሰላሉን ማየት ብቻ በቂ ነበር። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ እህላቸውን ይዘው የወረዱት ሴቶች ጨዋታቸውን አቋረጡ። በለጡም ወፍጮውን አጥፍታ፣ ዱቄት የተነሰነሰበትን የሐዘን ልብሷን እያራገፈች ብቅ አለች።

"ልትቆርጠው ነው?" አለችው።

"ቆጣሪው ከወር በላይ ዝም ብሏል፣ እትዬ። የተነካካ ነገር ካገኘህ ቁረጥ ተብዬ ነው የመጣሁት።"

በለጡ ዞር ብላ ወፍጮውን አየች። ባሏ ኃይለጊዮርጊስ ከሞተ ወዲህ ያላት ይኸው ወፍጮ ነው፤ እሱ ከቆመ እሷም ቆመች ማለት ነው። ደግሞ ቆጣሪውን ነካክቶ መስረቅ! ሰውዬው እኮ አዲሱ ቆጣሪ ከተሰቀለ ጀምሮ ከልጅ አብልጦ ነበር የሚንከባከበው። ዝናብ እንዳያገኘው፣ ሌባ እንዳይነቅለው ብሎ ከወፍራም ላሜራ ሳጥን በየደለት፤ ዙሪያውን አንድ ቀዳዳ እንኳ ሳያስቀር ድፍን አድርጎ በጓጉንቸር ቆለፈው። ሳጥኑን በጨረሰ በአራተኛው ቀን አረፈ። የጓጉንቸሩ ቁልፍ አሁን ከበለጡ ማተብ ጋር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ገመቺስ ግድግዳው ላይ ያለውን ሳጥን በጣቱ አንኳኳና እንድትከፍትለት ለመናት። ስትከፍትለት የቆጣሪውን ማኅተም አገላብጦ አየ፤ ማንም አልነካውም። ከዚያ ላሜራውን ዳበሰና ፈገግ አለ።

"ይሄ ቆጣሪ አልተሰረቀበትም፣ እትዬ። ታፍኖ ነው።"

አስረዳት። በውስጡ ልክ እንደ ስልክ ሲም ካርድ አለው፤ የቆጠረውን ከባሕር ዛፉ በላይ ወደቆመው የኔትወርክ ማማ ይልካል፣ ማማው ደግሞ ለቢሮው ያቀብላል። ብረት ውስጥ ሲዘጋበት ግን ድምፁ አይወጣም። በለጡ እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታ አታውቅም። ታዲያ ማን ቻርጅ ያደርግለታል ብላ ጠየቀችው። ማንም፣ አላት፤ ለወፍጮው ከሚመጣው መስመር ላይ እሱም ለራሱ ትንሽ ይቀማምሳል። መብራት ድንገት ሲጠፋ እንኳ በሆዱ ባስቀራት ጥቂት ኃይል "መብራት ጠፋ" ብሎ ተናግሮ ነው የሚተኛው። ሰዓቱ እንዳይዛባበት ደግሞ የልብስ ቁልፍ የምታክል ባትሪ አለችው።

"ዝም ባለበት ጊዜ የቆጠረውስ?" አለች በለጡ።

"በየሩብ ሰዓቱ ጽፎ ይዞታል። አሁን እናያለን።"

የሳጥኑ በር ተከፍቶ ቆዩ። ቆጣሪው ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ገመቺስ ላፕቶፑን ጆንያ ላይ አስቀምጦ በስልኩ ከቢሮው ጋር አገናኘው። ብዙም ሳይቆይ የወሩ ሙሉ መዝገብ፣ ረጃጅምና አጫጭር ዘንግ እየሆነ፣ ስክሪኑ ላይ ይደረደር ገባ። በለጡ ሽቦ ፈለገች፤ ምንም የለም። ከግድግዳዋ ተነሥቶ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ ከተማ ወርዶ፣ ተመልሶ እፊቷ መጣ።

የገመቺስ ፊት ግን ድንገት ጠቆረ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አኖረ። "ከሚያዝያ አሥራ ዘጠኝ ጀምሮ ሦስት ቀን ወፍጮው ምንም አልበላም። የአንድ አምፖል ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ቀን ከሌት። በሌላ መስመር እየፈጩ ነበር?"

"በአሥራ ዘጠኝ ሊነጋጋ ሲል ነው ባለቤቴ ያረፈው" አለች። "አምፖሉን ሁልጊዜ የሚያጠፋው እሱ ነበር። እኔ ማጥፋት አቃተኝ።"

ገመቺስ ቀና ብሎ ልብሷን አየ። ይቅርታ ሊል አፉን ሲከፍት እሷ ቀደመችው።

"የዋዜማውን ታሳየኛለህ? የረቡዑን?"

ረቡዕ እህቷን ልትቀበል ላምበረት አውቶቡስ ተራ ወርዳ ነበር። ኃይለጊዮርጊስ ደንበኞች አስቀምጠውለት የሄዱትን እህል ለብቻው ሊፈጭ ቀረ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ስትመለስ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ አገኘችው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወጣውም። ከቀብሩ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው፦ ከቀትር ጀምሮ ብቻውን ሲያጣጥር ውሎ ቢሆንስ? ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ቢሆንስ? የሚነግራት ሰው አልነበረም።

ገመቺስ የረቡዕን ዘንጎች አሰፋላት። ከጠዋት ጀምሮ አንድም ሳይጎድል ረጃጅም ሆነው ተሰልፈዋል። ቀትር ላይ አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሉ። አሥር ሰዓት ላይም አሉ።

"ወፍጮው የጠፋው አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው" አላት።

በለጡ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሲሠራ ነው የዋለው። ብቻውን የተኛው ሩብ ሰዓት ነው፤ እሷ ከታክሲ ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ። እንባዋ ዱቄቱን እያጠበ ወረደ፤ ግን ከወር በላይ ደረቷ ላይ ተቀምጦ የነበረው ሸክም ለቀቃት።

"ይሄ አይጠፋም?" አለች በመጨረሻ።

"ቢሮ ገብቷል። አይጠፋም።"

ሳጥኑ ይነሣ ሲላት እምቢ አለች። በሩን ብቻ ነቅለው በቢጫ ጀሪካን ፕላስቲክ ሊተኩት ተስማሙ፤ ፕላስቲክ ድምፁን አይዘጋበትም። ገመቺስ መሰላሉን ከምሰሶው አውርዶ ትከሻው ላይ አደረገ። ሴቶቹም ጆንያቸውን ወደ በሩ አስጠጉ።

በለጡ ገብታ እጇን የወፍጮው ማብሪያ ላይ አኖረች። ወዲያው ግን አልተጫነችውም። መጀመሪያ፣ ቆጣሪው የሚጽፈውን ሰዓት እሷም ልታውቀው፣ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች።